ጡሩምባ ነፊው ፈቃድ አይጠይቅም

(ስለ ጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ባሕር ዳር ላይ ለወረዳ የአደጋ ስጋት ባለሙያዎች፣ ለጤና ጣቢያ ሠራተኞችና ለተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ የተነሳውን ጥያቄ ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ወንበር አለ። ሰው ስብሰባ ላይ የፊት ወንበር ለምን እንደሚፈራ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ልወጣ ስል ሰፈራችን ውስጥ የእድር ጡሩምባ ተነፋ። አንዲት ጎረቤታችን ሌሊት አርፈው ኖሯል። ጫማዬን አድርጌ፣ አንድ ስልክ አውርቼ ብቅ እስክል ድንኳኑ ከእቃ ቤት ወጥቶ ምሰሶው እየተተከለ ነው። ሁለት ጎረምሶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ይመጣሉ። እቃ ቤት ያዧ ሴትዮ ብረት ድስቱን፣ ሰሃኑን፣ ብርጭቆውን እየቆጠረች ታስረክባለች፤ አንድ ብርጭቆ ጎድሎባት በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል «ባለፈው የወሰደው ማን ነበር?» ትላለች። የቁፋሮ ተራ የደረሳቸው ዶማና አካፋቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።

ስብሰባ አልተጠራም። ደብዳቤ አልተጻፈም። ጡሩምባ ነፊው ከመንፋቱ በፊት ሊቀመንበሩን ፈቃድ አልጠየቀም። ደንቡ የተጻፈው ማንም ባልሞተበት አንድ እሁድ፣ ሰው ተሰብስቦ እየተከራከረ፣ እየተኳረፈም ጭምር ነው። ድንኳን ማን ያወጣል፣ ለቀስተኛ ማን ያስተናግዳል፣ የቀረ ስንት ይቀጣል፣ ሁሉም ያኔ አልቋል። ጠዋት የቀረው መንፋት ብቻ ነበር።

እኔ ለዓመታት የጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ይህን እድሩ የሚያደርገውን ነገር በሙያችን ትሪገር ይሉታል። በአማርኛ ሰነዶች ላይ እንደ ጸሐፊው ስሙ ይለያያል፤ እኔ ዛሬ «ምልክት» እለዋለሁ። ቁጥሩ እዚህ ሲደርስ እገሌ ይህን ያደርጋል፣ ወጪው ከዚህ ይሸፈናል ብሎ ቀድሞ መጻፍ ነው። ሦስት ነገር አለበት፤ ቁጥር፣ ሰው፣ ገንዘብ። ያየኋቸው እቅዶች አብዛኞቹ ቁጥሩን አሳምረው ይጽፉና ሁለቱን «የሚመለከተው አካል» ለሚባል ሰው ይተዉታል። ይህን ሰውዬ ስንት ዓመት ፈለግሁት፣ አንድም ቀን ቢሮው ገብቶ አላገኘሁትም።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ወረዳውንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም፤ ሰዎቹ ወዳጆቼ ናቸው፣ ጥፋቱም ግማሹ የኔ ነው።

ነሐሴ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የወንዝ መለኪያ የሚያነቡልን ጋሼ ናቸው። መለኪያው ድልድይ ስር የተተከለ፣ በየሴንቲ ሜትሩ የተሰመረ ነጭ ቆርቆሮ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ይነበባል። እኛ ደግሞ ከጎኑ ሁለት መስመር ቀብተን ነበር፤ አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይ። ቢጫው ተዘጋጁ፣ ቀዩ ሰው አውጡ ማለት ነው።

«ቀዩ አይታየኝም» አሉኝ።

«እንዴት አይታይዎትም?»

«ውሃ ውስጥ ነዋ! በባትሪ እያየሁት ነው።»

ከበስተጀርባቸው የወንዙ ድምፅ ይሰማኛል፤ እየጮሁ ነበር የሚያወሩት። ሰውየው የማንበቢያ ሰዓታቸው ካለፈ በኋላ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በዝናብ ወርደው ነው። እኔ ምን አልኩ? «ጋሼ፣ ጠዋት አንዴ ያረጋግጡልኝና እንነጋገራለን።» እንዲህ ነው ያልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቃዬን በዚያ ሰዓት መቀስቀስ ፈርቼ ነው።

ጠዋት ሲነጋ አለቃ ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ናቸው። ምክትላቸው ያለ ደብዳቤ አይሆንም አሉ። ጀልባ ነበረን፤ ሞተሩም ይሠራል። ቤንዚኑ ግን በኩፖን ነው የሚቀዳው። ኩፖኑን ገንዘብ ያዥ ይፈርማል፣ ገንዘብ ያዥ ደብዳቤ ካላየ አይፈርምም፣ ደብዳቤው አለቃን ይጠብቃል። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም ደንብ አክብሮ ነው የተቀመጠው። ጀልባው ውሃ የነካው በሦስተኛው ቀን ነው።

ሰው አልሞተም። ያን ያደረግነው እኛ አይደለንም፤ ያገሬው ሰው እርስ በርሱ በታንኳና በትከሻ ተዋጣ። ከጎርፉ በኋላ አንድ ግቢ ስገባ አንዲት እናት የጎተራውን አፍ ከፍተው እጃቸውን ሰደዱና እፍኝ ሩዝ አወጡ። ነጭ ሥር አውጥቷል። «በቀለልኝ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። በመጀመሪያው ማታ ቢነገራቸው ጎተራውን ቆጥ ላይ ለመስቀል ሁለት ልጆችና አንድ ገመድ ይበቃቸው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማንንም እቅድ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የቤንዚኑን መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባንግላዴሽ ጃሙና ወንዝ ላይ የሆነውን የምወደውም ለዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ጎርፍ ሳይኖር ቁጭ ብለው ተስማሙ። የትንበያ ሞዴሉ ከአሥር ቀን ቀደም ብሎ ከባድ ጎርፍ ሲያሳይ ዝግጅት ይጀመራል፤ አምስት ቀን ሲቀር ትንበያው ከጸና ገንዘብ ይለቀቃል። ሐምሌ ላይ ቁጥሩ መስመሩን አለፈ፤ 5.2 ሚሊዮን ዶላር ወዲያው ተፈቀደ። ለቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ፣ ለከብት መኖ፣ ዘርና እህል ማስቀመጫ ውሃ የማያስገባ በርሜል ታደለ። በርሜሉን ልብ በሉልኝ። ሩዝ የበቀለባቸው የእኚያ እናት ጎተራ ትዝ ይለኛል።

የገንዘቡን ብዛት አትዩ፤ ለእኛ፣ ከጣና በስተምሥራቅ ላለው ለፎገራ ሜዳ፣ ያን ያህል አያስፈልግም። ቤንዚኑን በሰኔ ቀድቶ በርሜል ውስጥ ማስቀመጥና ቁልፉን ለመለኪያ አንባቢውና ለጀልባ ነጂው መስጠት ምንም ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው አለቃው አንድ ጊዜ፣ በበጋ፣ ፊርማውን አስቀድሞ እንዲያኖር ነው። ይህ ደግሞ ከዶላሩ ይከብዳል፤ ሥልጣን ማካፈል ነውና።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው።

የፎገራ ወንዞች ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሳሉ። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ጣና 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝቷል። ያን ሁሉ ቁልቁለት እየጋለበ የወረደ ውሃ ፎገራ ላይ ሲደርስ ድንገት መሬቱ ጠፍጣፋ ይሆንበታል። ያዘለውን ደለል እዚያው ይጥላል፣ የራሱን መሄጃ ይደፍናል፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ይወጣል። ጉና ላይ ማታ የዘነበው በማግስቱ ሜዳው ላይ ነው። እዚህ ያለው ምልክት በሰዓት የሚቆጠር ነው፤ «ጠዋት ያረጋግጡልኝ» ያልኩት ለዚህ ወንዝ ነው፣ ይታያችሁ።

ሐይቁ ሌላ ጠባይ አለው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ብዙ ቢባል 14 ሜትር ነው። ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲያይል ጣና ገና እየጠጣ ነው፤ የሚጠግበው መስከረም ላይ፣ ዝናቡ አለቀ ብለን አደይ አበባ ስንቀጥፍ ነው። ያኔ ወንዞቹ መግቢያ ያጣሉና ውሃው ወደ ኋላ ይገፋል። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ በአንድ ሌሊት ተመታች፣ ደቡብ ላይ ኦሞ ሞልቶ ወጣ፤ እኛ ዘንድ ፎገራና ደምቢያ ውሃ ላይ የተኙበት ነገር እስከ 1999 መስከረም ዘለቀ። የሐይቁ ምልክት በሳምንት የሚቆጠር ነው። አንድ ቀይ መስመር ቀብቶ ለሁለቱም ማዋል፣ የቸኮለውንም የሚያዘግመውንም በአንድ ሰዓት መቅጠር ነው።

በዚያ ላይ ሐይቁ የብዙ ሰው ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ በ1988 ሁለት በር ይዞ የተሠራው የጨረጨራ ውሃ መቆጣጠሪያ በ1993 አምስት ተጨምሮለት ሰባት በር ሆኗል፤ ሐይቁን በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል ለማስተዳደር ነው የታሰበው። ከግንቦት 2002 ጀምሮ ደግሞ ውሃው በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ እየወረደ 460 ሜጋ ዋት ማመንጫ ያሽከረክራል። ኃይል አመንጪው ሐይቁ ሞልቶ እንዲከርም ይፈልጋል። የፎገራ ገበሬ ነሐሴ ላይ ጎደል ቢልለት ይወዳል። ጀልባ ነጂው በ1995 ክረምት መግቢያ የሆነውን አይረሳም፤ ሐይቁ ከመጉደሉ የተነሳ መርከቦች ቆሙ፣ የዳር ሰው ውሃ የሸሸውን መሬት አረሰ። የበር አከፋፈት ደንብ ራሱ ምልክት ነው፤ ውሃው እዚህ ሲደርስ ይህን ያህል በር ይከፈታል ይላል። እንግዲህ በሩ ሲከፈት ከጨረጨራ በታች ያለ አትክልተኛ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ከዓባይ ዳር የሚያነሳበት ሰዓት አብሮ ካልተጻፈ፣ የአንዱ መፍትሔ የሌላው ጎርፍ ይሆናል። ቅንጅት የምንለው ነገር አንድ አዳራሽ ውስጥ አብሮ መቀመጥ ይመስለናል። ለኔ ቅንጅት ማለት የአንዱ ቁጥር በሌላው ወረቀት ላይ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ውሃው በሜትር፣ ሜትሮሎጂው በሚሊ ሜትር፣ ጤናው በበሽተኛ፣ ግብርናው በሄክታር ያወራል፤ እስኪ እዚህ ካላችሁት የጎረቤት መሥሪያ ቤቱን ቀይ መስመር በቃሉ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። … አያችሁ።

ቁጥሩ የሚለካው ትክክለኛውን ነገር ነው ወይ? ይህ ጥያቄ ማላዊን ክፉኛ አስከፍሏታል። እ.ኤ.አ. በ2015/16 ድርቅ ይመታናል ብላ ከአፍሪካ የአደጋ መድን ድርጅት ዋስትና ገዛች። ድርቁ መጣ፤ ሚሊዮኖች ተራቡ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ይህ ነው የሚባል ጉዳት አይታየኝም አለ። ምክንያቱ ሲፈለግ ሞዴሉ ገበሬው ረጅም ጊዜ የሚፈልግ በቆሎ እንደሚዘራ ገምቶ ኖሯል፤ ገበሬው ደግሞ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ነበር የሚዘራው። ተስተካክሎ 8.1 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቀድ ወራት አልፈዋል። ገበሬውን ምን ዘራህ ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

እኛም ጋ ማላዊ አለች። የፎገራ ሜዳ ድሮ በአብዛኛው የከብት ግጦሽ ነበር፤ የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ዛሬ የሩዝ አገር ነው። ሩዝ ውሃ ላይ ቆሞ ያድጋል፤ ገበሬው ውሃ ሲተኛለት ደስ የሚለው ሳምንት አለ። ሲሸሽም በእርጥበቱ ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። እንግዲህ «ማሳው ላይ ውሃ ተኛ» የሚል ምልክት እዚያ ብንተክል ገበሬው ይስቅብናል። የሚፈራው ገና አንገቱን ያላወጣውን ሩዝ ውጦ ብዙ ቀን የሚተኛውን ውሃ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከሰብሉ እድሜ ጋር መሄድ አለበት፤ የሐምሌው መስመርና የመስከረሙ መስመር አንድ ሊሆኑ አይገባም። ይህን የነገረኝ ሞዴል አይደለም። ወረታ ገበያ ላይ ቡና የጋበዘኝ አንድ ገበሬ ነው፤ «እናንተ ውሃ ትፈራላችሁ፣ እኔ ጊዜውን ነው የምፈራው» አለኝ።

የጤና ጣቢያ ሰዎች እስካሁን ዝም ብላችሁ ሰምታችሁኛል፤ እናንተ ከእኛ ትሻላላችሁ። ግድግዳችሁ ላይ ያለውን የወባ ቻርት ሁልጊዜ ቆሜ አየዋለሁ። አሠራሩ ለተማሪዎች ይገባችሁ፦ የያዝነውን ሳምንት ውሰዱ፤ ያለፉት አምስት ዓመታት በዚያው ሳምንት ስንት ስንት በሽተኛ እንዳዩ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ፤ ከላይ ሁለተኛው ቁጥር መስመራችሁ ነው። የዘንድሮው ከዚያ ካለፈ ወረርሽኝ ነው ብላችሁ ትነሳላችሁ። እርሳስና ማስመሪያ ይበቃዋል። ኮሌራ ደግሞ መስመር እንኳ የለውም፤ አንድ በላብራቶሪ የተረጋገጠ በሽተኛ ካለ ያው ነው። በሽታው በሚሮጥበት ፍጥነት ልክ ምልክቱ ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። የጎርፉ ውሃ ሲሸሽ ኩሬ ትቶ ይሄዳል፤ የወባው ወቅት ከመስከረም ጀምሮ ነው። የወንዙ ቀይ መስመር ነሐሴ ላይ ሲሰጥም ለእናንተ የሚደውል አለ? የምርመራ ኪቱና መድኃኒቱ መንገድ ሳይቆረጥ እንዲገባ? ቻርታችሁ መስመሩን እስኪያልፍ ከጠበቃችሁ ሰው ታሟል ማለት ነው። የእኛ ቀይ የእናንተ ቢጫ መሆን ነበረበት።

አሁን ወደምትፈሩት ልምጣ። «ብንሳሳትስ?» ትላላችሁ። ትሳሳታላችሁ። የእድር ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ አይሳሳትም። ጎርፍ ላይ ግን ሳይሆን በፊት ነው የምንነፋው፤ ከእድሩ ጋር ያለን ዝምድና እዚህ ላይ ያበቃል። ትንበያው ሃምሳ በመቶ ካለ ከሁለት አንዱ ባዶ ነው። አንድ ክረምት ሰው ከነልጁ፣ ከነከብቱ አስወጥታችሁ ውሃው ካልመጣ በሚቀጥለው ክረምት አይሰማችሁም፤ አይፈረድበትምም።

ለዚህ ነው ቢጫው የሚያስፈልገው። ቢጫ ላይ የሚደረገው ባይሆንም የማይቆጭ ነገር ይሁን፦ ጎተራ ማንሳት፣ የጀልባ ሞተር ማስነሳት፣ ነፍሰ ጡር የት የት እንዳለች መቁጠር፣ ስልክ ቻርጅ ማድረግ። ጎርፉ ቢቀር ማን ይከስራል? ሰውና ከብት የሚነቀለው ቀዩ ላይ ብቻ ነው። ለሕዝቡም ቀድማችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ «አንዳንዴ ነፍተን አይመጣም፤ ያን ቀን ስደቡን፣ ግን ውጡ» በሉት። ሰው ይህን ይረዳል። የማይረዳው ስትሸፋፍኑ ነው። ደግሞ ማቆሚያውንም ጻፉ። ተመለሱ የሚለው ምልክት ስላልነበረ ሰው ውሃው ከሸሸ በኋላ ሳምንት ትምህርት ቤት ወለል ላይ ሲተኛ፣ ሌላው ደግሞ ገና ሳይሸሽ በንዴት ተነስቶ ሲሄድ አይቻለሁ።

ስለ መልእክቱ ባጭሩ። ስልክ ላይ አትመኩ፤ ጎርፍ የሚመጣ ማታ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም ይከተለዋል። እኛ በኋላ ከጋሼ ጋር የተስማማነው በሚስኮል ነው፤ ካርድ አያስወጣቸውም። አንድ ሚስኮል ቢጫ፣ ተከታትሎ ሦስት ሚስኮል ቀይ። እኔ መልሼ ካልደወልኩ ለሁለተኛው ሰው፣ እሱም ካልደወለ በቀጥታ ለጀልባ ነጂው። ስልክ ከነጭራሹ እምቢ ካለ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ ጡሩምባ አለ። ብቻ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ የለቅሶውን አነፋፍ ለጎርፍ አታውሉት። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄድላችኋል።

ጥያቄ ካለ።

(ሁለት ሦስት ሰዎች ስለ ሳተላይት ትንበያና ስለ እምቦጭ ጠየቁ። ከዚያ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ፣ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ተነሱ። ራሳቸውም መለኪያ አንባቢ ናቸው።)

«ልጄ፣ ያልከው ሁሉ ጥሩ ነው። የኔ ቤት ከመለኪያው በታች ነው። ቀዩ ሲሰጥም እኔ ሚስቴንና ሁለት ላሞቼን ላውጣ፣ ወይስ ላንተ ሚስኮል ላድርግ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

እቅዳችን ላይ የእሳቸውን ስም የጻፍነው እኛ ነን፤ ቤታቸው የት እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። «አባቴ፣ መጀመሪያ ሚስትዎን» አልኳቸው። «ታዲያ ሚስኮሉን ማን ያደርጋል?» አሉ። ወረቀቱን አወጣሁና በእሳቸው ስም ሥር ያለውን ባዶ መስመር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ ካዩት በኋላ ከድልድዩ ማዶ፣ ከፍ ያለው ላይ የምትኖር የእህታቸውን ልጅ ስም ነገሩኝ። ስልኳን በቃላቸው አልያዙትም፤ ነገ ይደውሉልኛል።